በጣት የሚነበብ ስም

ሐመልማል አምስት ዓመት በሞላት ሳምንት እናቷ ዮዲት ፀጉሯን ሹሩባ ሠርታ፣ አዲስ ቀሚስ አልብሳ፣ አንባቢ ልታስገባላት ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ነገሩ እንደ ክትባት ያለ ነው። ዐይን ላይ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነገር ይለጠፋል፤ ከጆሮ ጀርባ ምስር የምታህል ፍሬ ትገባለች፤ ልጁ ከረሜላውን ይቀበልና ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዐይኑ ያረፈበት ጽሑፍ ሁሉ በጆሮው ይነገረዋል።

በድሬዳዋ "አነበብኩ" የሚል ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ሰው የሚለው "ተነበበልኝ" ነው። ፊደል ማስተማር የቀረው ማንም ከልክሎት አይደለም፤ የሚፈልገው ሰው ስለጠፋ ነው። የመዋዕለ ሕፃናቱ ወለል እንደ መስታወት የተወለወለ ነው። ልጆቹ ስስ ጓንት አድርገው ይውላሉ፤ ቀትር ላይ ሙቀቱ ከተማውን ሲዘጋው በረድፍ ይተኛሉ፤ ማታ ወላጆቻቸው ሲረከቧቸው መዳፋቸው እንደ ጠዋቱ ንጹሕ ነው። ይህም ጥሩ አያያዝ ይባላል።

የሐመልማል ዐይን በማግሥቱ አብጦ ተከደነ። አንባቢው ወጣ። ከጥቂት ወራት በኋላ በሌላኛው ዐይኗ ተሞከረ፤ እሱም አበጠ።

"ሰውነቷ አልተቀበለውም" አለች ሐኪሟ። "ስታድግ እንደገና እንሞክራለን። ያኔ ይቀበለው ይሆናል። ላይቀበለውም ይችላል።"

"እስከዚያስ ምን ትሁን?"

ሐኪሟ ደግ ሴት ነበረች። "ከአጠገቧ ሰው አይጥፋ" አለች።

ከተማው እንዲህ ላለ ልጅ አልተሠራም። ሁሉም በየጆሮው ስለሚነገረው፣ አውቶቡሱ ወዴት እንደሚሄድ የሚጮህ ረዳት የለም። በሮች ላይ ሥዕል የለም። ጭማቂና ፈሳሽ ሳሙና በአንድ ዓይነት ነጭ ጠርሙስ ይሸጣሉ፤ የሚለያቸው ጽሑፉ ብቻ ነው። አንድ ቀን ዮዲት ልጇን ከመዋዕለ ሕፃናቱ ልትወስድ ስትመጣ በሁለት ነጭ በሮች መካከል ቆማ አገኘቻት። አንደኛው መጸዳጃ ቤት፣ ሌላኛው የዕቃ ማስቀመጫ ነው። የምትጠይቀው ሰው አጥታ ልብሷ ላይ ሸንታለች። አላለቀሰችም።

"የትኛው እንደሆነ አልነገሩኝም" አለች፣ በሮቹ የተቀየሟት ይመስል ወደ እነሱ እያመለከተች።

ዮዲት የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት። ድሬዳዋ የመጣችው ገዛኸኝን አግብታ ነው። ገዛኸኝ የባቡር ነጂ ነበር፤ ሐመልማል ገና ጡት ሳትጥል ጎርፍ ድልድዩን ሲወስደው እሱም ከነባቡሩ ሄደ። ከዚያ በኋላ ባቡር ጣቢያው ለዮዲት ሥራ ሰጣት። በጭነት ሣጥኖች ላይ የተጻፈውን እያየች፣ የሚነገራትን እየሰማች፣ ይኼ ወዲህ፣ ያ ወዲያ እያለች ትለያለች።

ከሄደ በኋላ የናፈቃት ሰዎች ይናፍቅሻል ያሏት ነገር አልነበረም። ሐዲድ ሲያቋርጡ እጇን ይዞ ጨበጥ፣ ለቀቅ፣ ጨበጥ የሚያደርጋት ነገር ነበር። ከሥራ ሲገባ ጫማውን ሳይፈታ "ዮዲ፣ ዮዲ፣ ዮዲ" የሚለው ነገር። ያን ዕለት የልጇን ልብስ እያጠበች፣ እሱ ቢኖር ምን ያደርግ ነበር ብላ አሰበች። ምንም አያደርግም ነበር። ግን አብረው ግራ ይጋቡ ነበር።

በማግሥቱ የመዋዕለ ሕፃናቱ ሞግዚት ዮዲትን በር ላይ አስቆመቻት።

"ከዚራ ሰፈር ውስጥ አንዲት የድሮ መምህርት አለች" አለቻት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ዘይነባ ይሏታል። እናቴን ያስተማረች እሷ ናት። እብድ ናት የሚሏትም አሉ፤ ቤቷ አሸዋ ታስገባለች አሉ።"

ዘይነባ የምትኖረው አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ ጥላውን በጣለበት ግቢ ውስጥ ነበር። አንባቢ ኖሯት አያውቅም፤ እሱ ሲመጣ እሷ ጡረታ ወጥታ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ግድ አልሰጣትም። ዮዲት ልጇን በእጇ ይዛ በሩ ላይ ቆመችና አንገቷን ደፋች።

"እንደምን አደሩ፣ እማማ። ይቅርታ፣ እርስዎን ለማስቸገር..."

አሮጊቷ ዞር ብላ ከኋላዋ ተመለከተች። "ስንት ሆነን ነው? እዚህ እኔ ብቻ ነኝ። አቦ፣ ድሬ ላይ 'እርስዎ' ብሎ ነገር የለም። ዘይነባ በይኝ። ልጅቷ ዘይኑ ትበለኝ። አሁን ያንን ጓንት አውልቂላት።"

ከዛፉ ሥር ሰፊ ሳፋ ተቀምጧል። ውስጡ ከደቻቱ ወንዝ የመጣ አሸዋ ነበር፤ ወንዙ አብዛኛው በሲሚንቶ ተለብጧል፣ ከአሮጌው ድልድይ ሥር ግን ጥቂት ቀርቷል። ሐመልማል ጠጋ አለችና አየችው።

"ይናከሳል?"

"ይኮረኩራል እንጂ አይናከስም።"

ልጅቷ አንድ ጣቷን ነካ አድርጋ መለሰች። እናቷን አየች። ጣቷን እንደገና አገባች፤ ቀጥሎ መዳፏን፤ ቀጥሎ ሁለቱንም እጆቿን እስከ ክርኗ ድረስ ቀበረችና ዝም ብላ ተቀመጠች፤ የሆነ ሰው ከሥር እጇን የያዛት ያህል። ዘይነባ አላቻኮለቻትም። ከብዙ ጊዜ በኋላ አሸዋውን በመዳፏ ደለደለችና የልጅቷን ጣት ይዛ ሁለት እግር ከነጣሪያው ሣለች።

"ይኼ በር ነው። አንዱ እግር፣ ሌላው እግር፣ ከላይ ጣሪያ። ግቢበት። በ በዪ።"

"በ።"

ዮዲት ከላይ ሆና አየች። ዐይኗ እንዳረፈበት በጆሮዋ ያ የለመደችው ልስልስ ድምፅ "በ" አለ።

"አንቺም ተቀመጪ" አለቻት ዘይነባ። "ቤት ስትገቡ ማን ሊያጫውታት ነው?"

"እኔ እኮ አልችልም። ገና ሳየው ይነገረኛል። ራሴ ላስበው ስል ቀድሞኝ ይጨርሰዋል።"

"እንግዲያው አትዪዋ! ጨፍኚ።"

ዮዲት ጨፈነች። አሮጊቷ እጇን ስባ አሸዋው ላይ አስቀመጠችላት። ጣቷ በተቦረቦረው መስመር ወጣ፣ ታጠፈ፣ ወረደ። ጆሮዋ ውስጥ ማንም አልተናገረም። ከልጅነቷ ጀምሮ በዚያ ዝምታ ውስጥ ገብታ አታውቅም ነበርና መጀመሪያ ደነገጠች። ከዚያ፣ ከውስጧ፣ በገዛ ድምፅዋ፣ "በ" የሚል ነገር መጣ።

ሲመሻሽ እየመጡ ከዚያ ዛፍ ሥር ማምሸት ሥራቸው ሆነ። ልጅቷ ዐይኗን ከፍታ፣ እናቷ ዐይኗን ጨፍና ይማራሉ። ዘይነባ ወንበር ላይ አስቀምጣ ማስተማር አታውቅም። ሀን በጭቃ አስጠፍጥፋ ውኃ ታስጠጣበታለች። ለመ ሁለት የጨርቅ ቀለበት አጋጥማ ታሰፋለች። ዐን በምስር ታስደረድራለች። በ ወደ ቤተሰቡ ሲገባ ደግሞ ሐመልማል ራሷ ፊደሉን ትሆናለች። ለቡ ክርኗን ወደ ጎን ታወጣለች፤ ለቢ እግሯን ትዘረጋለች፤ ለባ አንድ እግሯን አጥፋ ትቆማለች፤ ለቤ ዘይነባ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ቀለበት ታጠልቅላታለች። ልጅቷ በአንድ እግሯ ስትንገዳገድ "ባ ልትወድቅ ነው! ባን ያዙት!" እያለች ትስቃለች። ከንና ነን መስለው ከላያቸው መስመር የተደረገባቸውን፣ ኸንና ኘን፣ ባርኔጣ ያደረጉት ብላ ስም አወጣችላቸው።

ቤት ሲገቡ ዮዲት ሊጥ ታቦካለች። ፊደሎቹን በሊጥ ሠርተው ዘይት ውስጥ ይጠብሷቸዋል። ሐመልማል "እኔ ሙን ልብላ፣ አንቺ ሚን" ትላለች። ዮዲት እንደጨፈነች ትበላለች፤ በምላሷ ቅርጹን ትፈልጋለች። በእንዲህ ያለው ሰዓት ገዛኸኝ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ቢኖር ትላለች። እሱ ሳቅ ሲያመልጠው በአፍንጫው ነበር የሚስቀው። አንዳንዴ ጨፍና ሳለች ልትሰማው ትሞክራለች። ከዚያ ዐይኗን ትከፍትና የዘይቱ ጠርሙስ ምን እንደሆነ ይነገራታል።

ሐመልማል ቃላት መግጠም በጀመረችበት ሰሞን የገዛኸኝ ሙት ዓመት ደረሰ። ዮዲት ማለዳ፣ ሙቀቱ ሳይነሣ፣ ልጇን ይዛ ወደ መካነ መቃብሩ ሄደች። መቃብሩ ላይ ነጭ ድንጋይ ቆሟል። ለዮዲት ያ ድንጋይ ባዶ ነበር። የባሏ ወንድም ታምራት ስሙን አስቀርጻለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ነበር፤ እሷም በየዓመቱ መጥታ ያንን ልሙጥ ድንጋይ ስታይ ቅሬታዋን ዋጥ አድርጋ ትመለሳለች። አልጠየቀችውም። ሲደውል ማንሣት ብቻ ትታለች።

አበባውን አስቀምጣ ቀና ስትል ሐመልማል ድንጋዩ ላይ ተለጥፋለች።

"እማዬ፣ እዚህ ባርኔጣ ያደረጉት አሉ።"

"የት?"

"እዚህ። ሁለቱም።"

ዮዲት አየች። ነጭ ድንጋይ ነው። "ምንም የለም እኮ፣ የኔ እናት።"

"አለ!" ልጅቷ ጣቷን አስገብታ ትጎትት ጀመር። "ይኼ ገ። ይኼ ዛ። ይኼ ከ... አይደለም፣ ባርኔጣ አለው፣ ኸ። ይኼ ደግሞ ኝ።" ቆም ብላ አጋጠመችው። "ገ-ዛ-ኸ-ኝ። እማዬ! የአባዬ ስም ነው!"

ዮዲት ተንበረከከች። ዐይኗን ከፍታ እጇን ድንጋዩ ላይ አደረገች፤ ዐይኗ ልሙጥ ነው አላት፤ ጣቷ ግን ገደል ውስጥ ገባ። ያን ጊዜ ጨፈነች። ልጇ ጣቷን ይዛ ከመጀመሪያው አስጀመረቻት። አራት ፊደል። በጥልቀት፣ በደንብ አድርጎ የተቀረጸ። ታምራት ቃሉን ከጠበቀ ዓመታት አልፈዋል።

የአንባቢ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ውስጥ የተቀበለቻት ሴት ትሑት ነበረች። አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ዮዲት ዐይን ተመለከተችና ነገሩን አገኘችው።

"የሐዘን ከለላ አለሽ" አለቻት። "የሟቹ ስም ያለበትን ጽሑፍና እሱ የጻፈውን ሁሉ ከምታዪው ላይ ይሸፍነዋል። ሐዘንተኛው በየሄደበት እንዳይቆስል ነው። ተስማምተሽ ነበር።"

"መቼ?"

"በተቀበረ በሦስተኛው ቀን።"

ዮዲት ያን ቀን አስታወሰችው። ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር። አንድ ለስላሳ ድምፅ የሆነ ነገር ጠየቃት፤ እሷም አዎ አለች። ያን ሰሞን ለሁሉም አዎ ነበር የምትለው፤ ብዪ ሲሏት፣ ተኚ ሲሏት።

"እሺ፣ አንሡልኝ።"

"ይኼን ያህል የቆየ ከለላ ከአንባቢው ጋር ይዋሐዳል። ለብቻው አይነሣም። አንባቢውን ማውጣት ይጠይቃል፤ በዚህ ዕድሜሽ ደግሞ ተመልሶ አይገባልሽም።" ሴትዮዋ ትንሽ አሰበች። "አብዛኛው ሰው ይተወዋል። ምን አጣሽበት? ሕይወትሽ ደህና ሄዷል።"

ዮዲት ወጥታ ዘይነባ ዘንድ ሄደች። አንባቢ ከሌለ የጣቢያው ሥራ የለም። ሣጥኖቹ ሲያልፉ በጣት እየዳሰሱ፣ ባርኔጣ አለው የለውም እያሉ መለየት አይቻልም። አሮጊቷ ሁሉንም ሰማቻትና ራሷን ነቀነቀች።

"እኔ አውጪው አልልሽም። የኔን ባል ስም እዚያ ማዶ መቃብር ላይ ተጽፎ ሳየው እስከ ዛሬ ያናድደኛል። አንቺ ግን እኔ አይደለሽም።"

"ስሙን በጣቴ አግኝቼዋለሁ እኮ። አይበቃም?"

"ይበቃል?"

ዮዲት ቤቷ ገብታ ከባሏ ጋር መልእክት ይላላኩበት የነበረውን የድሮ ሰሌዳ አወጣች። ገዛኸኝ ብዙ መጻፍ የማይወድ ሰው ነው ብላ ታስብ ነበር፤ ከሞተ በኋላ ስትከፍተው የራሷ መልእክቶች ብቻ ተደርድረው፣ በመካከላቸው ሰፊ ነጭ ቦታ ሆኖ ታገኘው ነበር። አሁን ያንን ነጭ ቦታ ለልጇ አሳየቻት።

"እዚህ ላይ ምን አለ?"

ሐመልማል ሰሌዳውን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። "ዮ-ዲ። ዮዲ። ባ-ቡ-ሩ... ባቡሩ ዘ-ገ-የ። ራ-ት... ራት ብ-ዪ። እ-ን-ዳ-ት-ጠ-ብ-ቂ-ኝ።" ቀና አለች። "ከሥሩ ሌላ አለ። ብዙ አለ፣ እማዬ። ደከመኝ።"

"እስከ የት ድረስ አለ?"

ልጅቷ ሰሌዳውን በጣቷ ወደ ላይ ገፋችው፣ ገፋችው፣ ገፋችው። "አያልቅም" አለች።

ዮዲት መጀመሪያ ታምራትን ደወለችለት። "ድንጋዩን አየሁት" አለችው። እሱ ግን "አሁን ነው ያየሽው?" ብሎ አልወቀሳትም። "ዮዲቴ፣ ብቻ እንኳን ደወልሽ" አለ። በዚያው ሳምንት አንባቢዋን አስወጣች።

ዐይኗ የታሰረበት ጨርቅ ሲፈታ ከተማው ዝም አለ። በሁሉም ግድግዳ፣ በሁሉም በር፣ በአውቶቡሱ ግንባር ላይ ፊደል ነበር፤ አንዱም አልተናገራትም። በወጉ ማንበብ የምትችለው ጨፍና ስለነበር መጀመሪያ ላይ ቅርጾቹን እያየች በአየር ላይ በጣቷ ትስላቸው ነበር፤ መንገደኛው ዞር ብሎ ያያታል። ሐመልማል ከጎኗ ሆና ታርማታለች። "ሰ አይደለም፣ ለ ነው። አየሽ፣ ጭንቅላት የለውም።"

የሥራ ልብሷን ልትመልስ ጠዋት ወደ ጣቢያው ብቻዋን ሄደች። ኢፍቱ የምትባል የሥራ ባልደረባዋ ልብሱን ተቀብላ አቀፈቻት። ከዚያ ሁለቱም እንደ ልማዳቸው በባቡር መሳፈሪያው መድረክ ላይ ጎን ለጎን መራመድ ጀመሩ። የጠዋቱ ባቡር ቆሞ መንገደኛ ይጭናል። ዮዲት በየቀኑ አጠገቡ የምታልፈው ባቡር ነው። በሞተሩ ጎን ላይ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ በቢጫ ቀለም የተጻፈ ነገር ነበር።

ቆመች። ጣቷ በአየር ላይ ተነሣ።

"ኢፍቱ" አለች ቀስ ብላ። "ይኼ መቼ ተጻፈ?"

ኢፍቱ ግራ ገብቷት አየቻት። "እሱ በሞተ ዓመት ነዋ። ስሙ ለባቡሩ ሲሰጥ የጥሪ ወረቀት ልከንልሽ ነበር፤ ሳትመጪ ስትቀሪ ከብዷት ነው ብለን ዝም አልን። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አጠገቡ ስታልፊ ቀና ብለሽ አታዪውም። እኛማ ምን ያለች ጠንካራ ሴት ናት እያልን... አታውቂም ነበር?"

ዮዲት ራሷን ነቀነቀች። ወደ ባቡሩ ተጠጋች። የብረቱ ሙቀት ፊቷን መታት። ፊደሎቹ ከክንዷ የረዘሙ ነበሩ። ገ አለች። ዛ። ኸ። ኝ። ዐይኗ ተከፍቶ፣ በገዛ ድምፅዋ፣ ማንም ሳይቀድማት። ከዚያ የአባቱ ስም ይጀምራል፤ እዚያ ላይ ዘይነባ ያላሳየቻት ፊደል ነበር። ገን ይመስላል፣ ግን አይደለም።

የባቡሩ ጡሩምባ ተነፋ። በሮቹ ተዘጉ።

የአባቱን ስም ታውቀዋለች። ከሠርጋቸው ቀን ጀምሮ ታውቀዋለች። ባቡሩ ቀስ ብሎ ሲንቀሳቀስ አብራው መራመድ ጀመረች፤ እጇን ብረቱ ላይ አድርጋ፣ ያንን የማታውቀውን ቅርጽ እያየች፣ "ጓ" አለች። ጓንጉል። ገዛኸኝ ጓንጉል። ስለዚህ ጓ እንዲህ ነው የሚጻፈው። እሱ ነገራት።

ባቡሩ ከእጇ ሥር ወጣና ፈጠነ። መድረኩ ጫፍ ላይ ቆማ ቢጫው ቀለም ከሙቀቱ ንዝረት ጋር እስኪቀላቀል ድረስ አየችው።

"መቼ ነው የሚመለሰው?" አለች ሳትዞር።

"ለማታ" አለች ኢፍቱ። "ታውቂው የለ።"

ዮዲት ታውቀዋለች። ሄዳ በመንገደኞች አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ከጥላው በኩል ተቀመጠች፣ ጣቷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ያቺን አዲስ ፊደል ጻፈች፣ አጠፋች፣ እንደገና ጻፈች።